እናቴን በጾመ ነቢያት ፍሎረንስ ልወስዳት ነው፤ ቀኑንና ምግቡን እንዴት ላደራጀው?

ናፍቆት (ፍራንክፈርት)፦

ጤና ይስጥልኝ። በኅዳር መጨረሻ እናቴ ከአዲስ አበባ ወደ ሮም ትመጣለች፤ እኔም ከፍራንክፈርት በርሬ ፊውሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ እቀበላትና በዚያው ዕለት አብረን ወደ ፍሎረንስ እንሄዳለን። የምንደርሰው ቅዳሜ አመሻሽ፣ ወደ ሮም የምንመለሰው ማክሰኞ ማታ ስለሆነ፣ በእጃችን ያሉት ሙሉ ቀናት እሑድ፣ ሰኞና ማክሰኞ ናቸው። እሑዱ በፈረንጆች ታኅሣሥ የመጀመሪያው እሑድ ነው።

እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ስለሚያማት ደረጃ ይከብዳታል። ጾሙን በሰዓቱ ትጾማለች፤ ዓሣም አትበላም። እኔ ልጾም ብዬ አላስብም፤ እርሷ ግን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል አትቀምስም። አብያተ ክርስቲያናትን ማየት ትወዳለች፣ ለሙዚየም ያላት ትዕግሥት ግን ከሁለት ሰዓት አይበልጥም። ምን ማየት፣ ምን መተው፣ የት መመገብ እንዳለብን የምታውቁ ብትነግሩኝ በጣም አመሰግናለሁ።

እታለም (ፍሎረንስ)፦

እህቴ ናፍቆት፣ እንኳን እናትሽን ለማስጎብኘት አበቃሽ። እዚህ ከተማ አሥራ ስድስት ዓመት ኖሬአለሁ፤ አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ ላይ ስለቆየሁም የወጥ ቤቱን ነገር ከሙዚየሙ ይልቅ አውቀዋለሁና ከምግቡ ልጀምር።

ዋናው ችግርሽ ጾሙ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። የቶስካና የድሆች ምግብ አብዛኛው ባቄላ፣ ጎመንና ዳቦ በመሆኑ ለጾመኛ የተመቸ ነው። ነገር ግን እዚህ ያሉ ምግብ ቤቶች ምሳ የሚያቀርቡት በአውሮፓ ሰዓት ከ12፡30 እስከ 14፡30 ገደማ ነው፤ ከዚያ ምድጃቸውን አጥፍተው እስከ 19፡00 ወይም 19፡30 አይከፍቱም። የእኛ ዘጠኝ ሰዓት ደግሞ ልክ 15፡00 ላይ ያርፋል፤ እናትሽ ለመብላት ሲዘጋጁ ምግብ ሰሪው ቤቱ ሄዷል ማለት ነው።

ደግነቱ ቅዳሜና እሑድ የሰዓት ጾም የለም፣ የሚቀረው የምግቡ ዓይነት ብቻ ነው። ስለዚህ ወግ ያለውን ምሳ፣ ተቀምጣችሁ በጠረጴዛ ጨርቅ ላይ የምትበሉትን፣ እሑድ ዕለት አድርጉት፤ ቦታውንም አስቀድመሽ ያዢ፣ ምክንያቱም እሑድ ከቤተሰቡ ጋር የሚወጣው የከተማው ሰው ራሱ ነው። ለሰኞና ለማክሰኞ ሜርካቶ ቼንትራሌ የሚባለውን እ.ኤ.አ. በ1874 የተከፈተውን የብረትና የመስታወት ገበያ አስቢ፤ ምድር ቤቱ አትክልትና ሥጋ የሚሸጥበት ሲሆን ከሰዓት ይዘጋል፣ ላይኛው ፎቅ ግን ቀኑን ሙሉ ሳያቋርጥ እስከ ሌሊት የሚያበስሉ ብዙ ትንንሽ ወጥ ቤቶች አሉበት። ከቻልሽ ደግሞ ከሆቴል ይልቅ ማብሰያ ያለው አፓርታማ ተከራዪ።

አሁን ወደ ምግቡ። ሪቦሊታ የሚባለው ወፍራም ሾርባ ከባቄላ፣ ከደረቀ ዳቦና ካቮሎ ኔሮ ከሚሉት ጥቁር ጎመን ይሠራል፤ ጎመኑ ብርድ ሲመታው ይጣፍጣል ስለሚባል ወቅቱ ራሱ ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ፓፓ አል ፖሞዶሮ ዳቦና ቲማቲም ነው፣ ከእኛ ፍትፍት ብዙም አይርቅም። ፋጆሊ አሉቼሌቶ በቲማቲም የተቀቀለ ነጭ ባቄላ ነው። በዚህ ወር የወይራው ዘይት ገና ከመጭመቂያው የወጣ፣ አረንጓዴና ጉሮሮ የሚቆነጥጥ ስለሚሆን፣ የተጠበሰ ዳቦ ነጭ ሽንኩርት ታሽቶበት ዘይቱ የሚፈስበትን ፌቱንታ ሳትቀምሱ እንዳትመለሱ። ዳቦው ጨው የለውም፤ እናትሽ «ረስተውት ነው» ቢሉ አይደለም፣ የአገሩ ልማድ ነው።

ሦስት ወጥመዶች አሉ። አንደኛ፣ ሪቦሊታውም ባቄላውም በአንዳንድ ቤት የአሳማ ሥጋ ቁራጭ ወይም የፎርማጆ ቅርፊት ይገባበታል፣ ጠይቂ። ሁለተኛ፣ እኛ አገር ስጎ ስንል ሥጋ ያለውንም የሌለውንም ማለታችን ነው፤ እዚህ ግን «አል ሱጎ» ብለሽ ካዘዝሽ ብዙ ጊዜ የሚመጣልሽ ሥጋ ያለበት ነውና «አል ፖሞዶሮ» በይ። ሦስተኛ፣ በእጅ የተሠራ ትኩስ ፓስታ አብዛኛውን ጊዜ እንቁላል አለበት፤ «ፓስታ ሴካ» የሚባለው ደረቁ ግን ከስንዴና ከውሃ ብቻ ነው።

አባ ሻንጣ፦

እኔ ደግሞ ስለ መንገዱና ስለ ደረጃው ልናገር፤ ባለፈው ዓመት አባቴን ይዤ በዚያው መንገድ ሄጃለሁና።

ከፊውሚቺኖ ሌዮናርዶ ኤክስፕሬስ የሚባለው ባቡር በ32 ደቂቃ የሮም ዋና ባቡር ጣቢያ ወደሆነው ቴርሚኒ ያደርሳችኋል፤ ዋጋውም 14 ዩሮ ነው። ከቴርሚኒ ፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስድና ፍሎረንስ መሃል፣ ሳንታ ማሪያ ኖቬላ ጣቢያ ያወርዳችኋል። የፈጣኑ ቲኬት ቀደም ብሎ ሲገዛ በጣም ይረክሳል፤ ነገር ግን የእናትዎ አውሮፕላን ቢዘገይ የረከሰው ቲኬት ሊቃጠል ስለሚችል፣ ለዚያ ዕለት ጥቂት ጨምረው መለወጥ የሚቻለውን ይግዙ። እኔ በዚህ ስስት ሁለት ቲኬት ከስሬአለሁ።

ደረጃን በተመለከተ፣ የካቴድራሉ ጉልላት 463፣ የጆቶ ደወል ማማ ደግሞ 414 ደረጃ አላቸው፤ ሊፍት በሁለቱም የለም። አርክቴክቱ ብሩኔሌስኪ እ.ኤ.አ. ከ1420 እስከ 1436 ጉልላቱን ያቆመው ከመሬት የሚነሣ የእንጨት ድጋፍ ሳይጠቀም ነው፤ ይህን ለማድነቅ ግን መውጣት አያስፈልግም፣ ከታች ማየት ይበቃል። ፊት ለፊት ማየት ከፈለጋችሁ ቢብሊዮቴካ ዴሌ ኦብላቴ በተባለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ላይኛ ፎቅ ሻይ ቤት አለ፤ ጉልላቱ እጅ የሚዘረጉለት ያህል ይቀርባል። እሑድ ስለሚዘጋ ለሰኞ ይያዙት።

የቀኑ ድልድል ላይ ተጠንቀቁ። ኡፊዚ የሚባለው የሥዕል ሙዚየምም፣ የሚኬላንጄሎ ዳዊት ያለበት አካዴሚያም ሰኞ ዝግ ናቸው። እሑዱ የወሩ የመጀመሪያ እሑድ ስለሆነ የመንግሥት ሙዚየሞች በነጻ ይገባባቸዋል፤ ይህ ጥሩ ቢመስልም ሰልፉ ለታመመ ጉልበት ቅጣት ነው። ኡፊዚን ለማክሰኞ ጠዋት 8፡15 በቦታ ማስያዣ ይግዙ፤ ስዕሎቹ ያሉበት ሁለተኛ ፎቅ ረጅም ደረጃ አለው፣ መራመድ የሚቸግረው ሰው ግን ሊፍት እንዲጠቀም ስለሚፈቀድ በሩ ላይ ይጠይቁ። ካቴድራሉ እሑድ ለጸሎት እንጂ ለጎብኚ ክፍት አይደለም፤ ሰኞ ጠዋት ሲከፈት ይግቡ፣ መግቢያው በነጻ ነው።

ብራናው፦

ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ሁለት ቦታ ነው፤ ሁለቱም ለእናትዎ ከሌላው ሁሉ የሚቀርቡ ይመስለኛል።

ኡፊዚ ውስጥ፣ በረጃጅሞቹ መተላለፊያዎች ግድግዳ ላይ፣ ከጣሪያው ሥር በተርታ የተሰቀሉ ብዙ ትንንሽ የሰው ምስሎች አሉ። የፍሎረንስ ገዢ ቀዳማዊ ኮሲሞ ደ ሜዲቺ፣ ፓኦሎ ጆቪዮ የተባለው የታሪክ ጸሐፊ በኮሞ ከተማ ያከማቸውን የታላላቅ ሰዎች ምስል እንዲገለብጥለት ክሪስቶፋኖ ዴላልቲሲሞ የተባለውን ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1552 ላከው፤ ከተገለበጡት መካከል የዐፄ ልብነ ድንግል ምስል አንዱ ነው። ሠዓሊው ንጉሡን በዐይኑ አላያቸውም፤ ስለዚህ መልካቸው ይህ ነበር ብሎ መማል አይቻልም። ሆኖም ጎብኚው ሁሉ ወደ ቦቲቼሊ ክፍል ሲጣደፍ ቀና የሚል ሰው ስለሌለ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሳያዩት ይወጣሉ። ተርታው ረጅምና ከፍ ያለ ነውና ከጥበቃዎቹ አንዱን ይጠይቁ፣ አንገት ከማመም ያድናል።

ሁለተኛው ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ሳንታ ማሪያ ኖቬላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1441፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በኢየሩሳሌም የነበረው የኢትዮጵያውያን ማኅበር አበምኔት አባ ኒቆዲሞስ የላካቸው መነኮሳት አብያተ ክርስቲያናትን አንድ ለማድረግ በተጠራው የፍሎረንስ ጉባኤ ፊት ቀርበው ነበር። ንጉሡ የላኳቸው ልዑካን አልነበሩም፤ ጣልያኖቹ ግን እንደዚያ ለማየት ጓጉተው ነበር። በዚያ ዘመን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት አውጌንዮስ አራተኛ በዚህች ከተማ ሲቀመጡ ማረፊያቸው ይኸው ገዳም ነበር። የመግቢያ ክፍያ አለው፣ ወለሉ ግን ሜዳ ስለሆነ እናትዎ አይቸገሩም።

ናፍቆት (ፍራንክፈርት)፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የዐፄ ልብነ ድንግልን ነገር በስልክ ስነግራት እናቴ ለጉዞው ያላት ጉጉት ጨመረ። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ፤ የሚኬላንጄሎን ዳዊት ሳናይ ብንመለስ ጥፋት ይሆናል? ደግሞስ እኔ የፍሎረንስን ሥጋ ብቻዬን መብላት እችላለሁን?

አባ ሻንጣ፦

ዳዊትን ማየት አለባችሁ ባይ ነኝ። ከ1501 እስከ 1504 ከአንድ እብነ በረድ የተፈለፈለ፣ ከ5 ሜትር የሚበልጥ ሐውልት ነው፤ ማክሰኞ ከኡፊዚ በኋላ አካዴሚያ አንድ ሰዓት ይበቃችኋል።

እታለም (ፍሎረንስ)፦

በዚህ ከአባ ሻንጣ ጋር አልስማማም። እናትየው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆዳቸውን ናቸው፣ ሁለት ሙዚየም በአንድ ጠዋት ጭካኔ ነው። ቅጂው በፒያሳ ዴላ ሲኞሪያ፣ ዋናው እስከ 1873 በቆመበት ቦታ ላይ፣ በነጻ ይታያል፤ ራቁቱን ስለሆነም እናትሽ «ነቢዩ ዳዊት እንዲህ ነበርን?» ብለው ቢያማትቡ ከሩቅ ማለፍ ይቀላል። የተረፈውን ሰዓት እሑድ ጠዋት ለሳን ሚኒያቶ አውሉት። በ1018 የተጀመረ፣ ከኮረብታ ላይ ከተማዋን ቁልቁል የሚያይ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ መግቢያም አይከፈልበትም። በእግር አትውጡ፤ 12 ወይም 13 ቁጥር አውቶቡስ ያደርሳችኋል፣ ቲኬቱ 1.70 ዩሮ ነው፣ በባንክ ካርድም አውቶቡሱ ውስጥ ይከፈላል። ቀትር ላይ ስለሚዘጋ ቀድማችሁ ድረሱ።

ፊዮሬንቲና የሚባለውን የፍሎረንስ ሥጋ በሚመለከት፣ ሥጋው የሚሸጠው በኪሎ ነው፤ አንዱ ቁራጭ ብዙ ጊዜ ከአንድ ኪሎ ስለሚበልጥ ለሁለት ሰው እንኳ ይከብዳል። መሃሉ ቀይ ሆኖ ነው የሚቀርበው፣ «በደንብ ይብሰል» ማለት እንደ ነውር ይታያል፤ ጥሬ ሥጋ ለለመደ ሰው ግን አያስደነግጥም። ብቻሽን ከሆንሽ «ታሊያታ» የሚባለውን ተከታትፎ የሚቀርብ ጥብስ እዘዢ። ሒሳቡ ላይ «ኮፔርቶ» የሚል ለአንድ ሰው ከ2 እስከ 3 ዩሮ ብታዪ የዳቦና የገበታ ክፍያ ነው፣ ማጭበርበር አይደለም፤ ጉርሻ ግን ግዴታ አይደለም። ቡናውን ባንኮኒው ላይ ቆማችሁ ብትጠጡ ተቀምጣችሁ ከምትከፍሉት ይቀንሳል፤ ለጉልበታቸው ሲባል ግን ልዩነቱን ክፈይ።

ናፍቆት (ፍራንክፈርት)፦

እንግዲህ እሑድ ሳን ሚኒያቶና የትራቶሪያ ምሳ፣ ሰኞ ካቴድራሉ፣ ኦብላቴና ሳንታ ማሪያ ኖቬላ፣ ማክሰኞ ኡፊዚ ብቻ ይሁን። አንድ ትንሽ ነገር፣ እናቴ ከቡና ጋር ጣፋጭ ትወዳለች፤ በጾም የሚሆን አለ?

እታለም (ፍሎረንስ)፦

አለ እንጂ፣ እንዴት ረሳሁት! ካስታኛቾ በይ። ካስታኛ ከሚባለው ፍሬ ዱቄት፣ ከውሃ፣ ከወይራ ዘይት፣ ከዘቢብ፣ ከጥድ ፍሬና ከጥብስ ቅጠል የሚጋገር ስስ ቂጣ ነው፤ በወጉ ሲሠራ ወተትም እንቁላልም ስኳርም የለበትም፣ ወቅቱም መጸው ነው። ዳቦ ቤቶች በትሪ ቆርጠው ስለሚሸጡት 15፡00 ላይ ለመግደፊያም ይሆናል። ለማረጋገጥ ይህችን በወረቀት ጽፈሽ ያዢ፦ «ሴንሳ ላቴ፣ ሴንሳ ቡሮ፣ ሴንሳ ኡዎቫ፣ ሴንሳ ስትሩቶ»። ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላልና የአሳማ ስብ የሌለበት ማለት ነው፤ የመጨረሻው፣ የአሳማ ስቡ፣ በዳቦም ውስጥ ስለሚገባ ስኪያቻታ የሚባለውን ጠፍጣፋ ዳቦ ስትገዢም እሱን አትርሺ።