የፈረሶቻችን ጅማት ሕክምና፦ በሁለተኛው ረቂቅ ላይ የዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢው፦ ውድ አባላት፣ ለሱሉልታ መጋለቢያ ፈረሶችና ለሰበታ የጋሪ ፈረሶች የምንጠይቀው ድጋፍ ረቂቅ ደርሷችኋል። የተጎዳ ጅማትን መልሶ ለሚያለመልም ሕክምና አልትራሳውንድ፣ ሴንትሪፊዩጅ (ደምን በፍጥነት አሽከርክሮ የሚለይ ማሽን) እና የስቴም ሴል ላቦራቶሪ ይላል። እስከ ዓርብ አስተያየታችሁን ስጡ።

ሐኪሟ፦ ላቦራቶሪውን አውጡት። ስቴም ሴል፣ ማለትም ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊለወጥ የሚችል ሴል፣ ከፈረሱ የደረት አጥንት መቅኔ ወይም ከስቡ ተወስዶ ለሳምንታት ይባዛል፤ መብራት ለግማሽ ቀን ቢጠፋብን የዚያ ሁሉ ጊዜ ሥራ አብሮ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው የብሪታንያ እሽቅድምድም ፈረሶች ጥናት በስቴም ሴል ከታከሙት ዳግም የተጎዱት 27 በመቶ ገደማ መሆናቸውን አሳይቷል። ቁጥሩ ዝቅተኛ ነው የተባለበት ንጽጽር ግን ከቀደሙ መረጃዎች ጋር እንጂ ጎን ለጎን ከተያዙ ያልታከሙ ፈረሶች ጋር አልነበረም። ለእኛ የሚቀርበን ፕሌትሌት የበዛበት ፕላዝማ ነው፤ ይህም ደም የሚያረጉና ቁስል እንዲሽር የሚያግዙ ቅንጣቶች የበዙበት የደም ፈሳሽ ነው። ደም ከፈረሱ አንገት ይቀዳል፣ በሴንትሪፊዩጅ ይለያል፣ በአልትራሳውንድ እየታየ ጅማቱ ውስጥ ቁስሉ ላይ ይወጋል። ውጤቱ ከጥናት ጥናት ስለሚለያይ ገጽ 2 ላይ ያለውን «ያድናል» ሰርዙልኝ፤ «ያግዛል» ይበቃል።

ባለጋጣ ከሱሉልታ፦ ስለ ተኩስም ይጻፍ። የግራጫው ፈረሴ የፊት እግር ከጉልበት በታች በኋላ በኩል አብጦ፣ ስዳስሰው እንደ ምጣድ ይፋጅ ነበር። በጋለ ብረት ይተኮስ አሉኝ፣ አስተኮስኩት። በአራተኛው ወር ማንከሱን ሲተው ኮርቻ ጫንኩበት፤ በመጀመሪያው ግልቢያ ያው እግር ከዳው። የተተኮሰው ቦታ ዛሬም ጸጉር አላበቀለም።

ሐኪሟ፦ ማንከስ ቀረ ማለት ጅማቱ ዳነ ማለት አይደለም። ክፍተቱን የሚሞላው ጠባሳ ነው፤ እንደ ጤነኛው ጅማት አይለጠጥም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀዝቃዛ ውሃና ማሰሪያ፣ ከዚያ እረፍት፣ ከዚያ በልክ እየጨመረ የሚሄድ የእግር ጉዞ። በከባድ ጉዳት ከ9 እስከ 12 ወር ይፈጃል፤ መርፌው ይህን አያስቀርም።

ባለጋሪ ከሰበታ፦ ዶክተር፣ ትምህርትዎ ይባረክ። ግን ዘጠኝ ወር! ፈረሴ ሦስት ቀን ከቆመ እኔ ቤት ጉልቻው ይቀዘቅዛል። ስለ መርፌው ሁለት ገጽ ሙሉ ተጽፏል፣ ስለ ጭዱ አንድ መስመር የለም። ዛሬ ወግታችሁ ብትመልሱልኝ በሳምንቱ ጋሪ ላይ አስረዋለሁ፤ አልዋሻችሁም።

ሰብሳቢው፦ ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። የላቦራቶሪው ገንዘብ ወደዚያ ይዙር?

ገንዘብ ያዧ፦ ለጋሾች ማሽን ሲገዙ ደስ ይላቸዋል፣ ጭድ ሲባሉ ፊታቸው ይጨማደዳል። የውሰት ፈረስ ብንለውስ? ማኅበሩ ሁለት ፈረሶች ይግዛ። ፈረሱ የተጎዳበት አባል አንዱን ይዋስና የራሱ ፈረስ በአልትራሳውንድ ታይቶ ሐኪም ሲፈቅድ ይመልስ።

ባለጋሪ ከሰበታ፦ ጥሩ ነው። ነገር ግን በሰው ፈረስ ማንም አይራራም፤ በወሩ እሱም ያነክሳል። የጭነቱ ልክ ይጻፍ።

ሐኪሟ፦ የማየው ፈረስ ሁሉ በየሁለት ወሩ አልትራሳውንድ ይነሣ፣ ይህም በውሉ ይግባ። ቢሾፍቱ ላለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም ለባለሙያ ትብብር እንጻፍ።

ሰብሳቢው፦ ደብዳቤው ሰኞ ይወጣል። የውሰቱን አንቀጽ ገንዘብ ያዧ ትጽፋለች። ጋሼ፣ ጭነቱ ስንት ይሁን?

ባለጋሪ ከሰበታ፦ አራት ኩንታል። ጭቃ በሆነ ቀን ሁለት።