እጅ አውጥቶ ሰው መቀበል፣ እጅ አውጥቶ ሰው መሰረዝ፦ ይህ ምን ዓይነት ቤተ ክርስቲያን ነው?

አዲስ አባል

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አባል ከሆንሁ ሰባት ወር ሆነኝ። ያደግሁበት ቤተ ክርስቲያን ሌላ ነው፤ እዚያ አባቶች ይወስናሉ፣ ምእመኑ አሜን ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ባለፈው እሑድ ከአምልኮ በኋላ የአባላት ጉባኤ ስላለ እንዳንሄድ ተነገረን። ሰብሳቢው የአንዲት ወጣት ስም አነበበ። ልጅቱ ከፊት ቆማ እንዴት እንዳመነችና ለምን እንደተጠመቀች በአራት በአምስት ዓረፍተ ነገር ተናገረች፤ የያዘችው ወረቀት ይንቀጠቀጥ ነበር። «የምትቀበሏት እጃችሁን አውጡ» ተባለ። አወጣሁ፤ ደስም አለኝ። ቀጥሎ የአንድ ሰው ስም ተነበበ። ለመጨረሻ ጊዜ ከመጣ ከዓመት በላይ ስለሆነው ከአባልነት ይሰረዝ የሚል ሐሳብ ቀረበ። አሁንም «እጃችሁን አውጡ»። የእኔ እጅ ጉልበቴ ላይ ቀረ። ሰውየውን በመልክ እንኳ አላውቀውም። አንዲት እናት ተነሥተው «ምን ነካው ብሎ የጠየቀ አለ?» ሲሉ ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ነገሩም ለሚቀጥለው ወር ተላለፈ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የነሡኝ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። ቤተ ክርስቲያን የክርስቶስ ከሆነች እኛ በእጃችን ሰው የምናስገባና የምናስወጣ ማን ነን? ደግሞም መጋቢያችን «እያንዳንዱ አጥቢያ ራሱን ያስተዳድራል፣ ከበላዩ ጳጳስም ሲኖዶስም የለም» ይላሉ። ታዲያ አንዲት ቤተ ክርስቲያን የምንላት የት ገባች?

ፈጣን መላሽ

ወንድም፣ ብዙ አትጨነቅ። ዲሞክራሲ ነው። አባላት መጋቢውን ይመርጣሉ፣ በጀት ያጸድቃሉ፣ አባል ይቀበላሉ። የማይመጣ ሰው ስሙ መዝገብ ላይ ምን ይሠራል? የትም ማኅበር እንዲሁ ነው።

የቃለ ጉባኤ ጸሐፊ

ዐሥራ አንድ ዓመት በጉባኤ ጸሐፊነት አገልግያለሁ፤ የተቆጠረውን እጅ ሁሉ የመዘገብሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ፈጣን መላሽ ይቅር ይበለኝና፣ ዲሞክራሲ የሚለውን ቃል አልቀበለውም። በምርጫ ጣቢያ ሰው የሚወደውን ይመርጣል፤ ማንም ለምን አይለውም። በአባላት ጉባኤ ግን የምንጠየቀው ጌታ በዚህ ነገር ምን ይላል ተብለን ነው። የወደድነውን ብቻ የመረጥንባቸው ጊዜያት ነበሩ፤ ቃለ ጉባኤውን ዛሬ ሳነበው አፍራለሁ።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይረዳሃል። በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር ሕፃን ሲወለድ ይጠመቃል፣ የሰበካው አባል ይሆናል፣ አበቃ። የመንደሩ መዝገብና የቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ አንድ ነበር ማለት ይቻላል። ወደ አምስተርዳም የተሰደዱ ጥቂት እንግሊዛውያን ግን ቤተ ክርስቲያን ማን ናት ብለው ጠየቁ። የደረሱበት መልስ በክርስቶስ አምነው ይህንንም በገዛ አፋቸው የመሰከሩ ሰዎች ናት የሚል ነበር። በ1609 እ.ኤ.አ. መሪያቸው ጆን ስሚዝ የሚያጠምቀው ሲያጣ ራሱን አጠመቀ፤ ከዚያም ቶማስ ሄልዊስንና ሌሎቹን። (ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ጥምቀቱ በማፍሰስ ነበር ይላሉ። ውሃ ውስጥ ማጥለቅን የለንደን ሰባት ጉባኤዎች በ1644 የእምነት መግለጫቸው ላይ ጻፉት። ስሚዝም ብዙ ሳይቆይ ራሱን ማጥመቁ ጸጸተውና ከሜኖናውያን ጋር (እነሱም አምኖ መጠመቅን የሚያስተምሩ የሆላንድ ክርስቲያኖች ናቸው) ለመቀላቀል ጠየቀ። አጀማመራችን እንዲህ ነው፤ የሚያስኮራውም የሚያስፈግገውም አንድ ላይ።)

ሄልዊስ ወደ አገሩ ተመልሶ ለንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ላከ፤ በእጁም ንጉሡ ሟች ሰው እንጂ አምላክ አይደለምና በዜጎቹ በማትሞተው ነፍስ ላይ ሥልጣን የለውም ብሎ ጻፈበት። እስር ቤት ገባ፣ ነጻም ሳይወጣ ሞተ። እሱ ያን ነጻነት የጠየቀው ለራሱ ወገን ብቻ አልነበረም፤ ለመናፍቅም ለአይሁዳዊም ለእስላምም ነበር። ለምን? እምነት በግድ የማይገባ ከሆነ በግድ የገባባትም ቤተ ክርስቲያን አትሆንማ።

እንግዲህ የልጅቱን የሚንቀጠቀጥ ወረቀት አስበው። በትውልድ አልገባችም፤ በንጉሥ ትእዛዝም፣ በካህን ውሳኔም አልገባችም። ራሷ መናገር ነበረባት። እናንተ ደግሞ መስማት ነበረባችሁ። እጅህን ስታወጣ ስለ ድኅነቷ አልፈረድህም፤ ያን እግዚአብሔር ብቻ ያውቀዋል። ያልኸው «ምስክርነትሽን ሰምተናል፣ እናምንሻለን፣ ከዛሬ ጀምሮ ስለ አንቺ እንጠየቃለን፣ አንቺም ስለ እኛ ትጠየቂያለሽ» ነው። የቀድሞ ባፕቲስቶች ይህን በቃል ኪዳን ይጽፉትና አባላቱ ይፈርሙበት ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሕንጻው አይደለም፣ መጋቢው አይደለም፤ እንዲህ የተሳሰሩት ሰዎች ናቸው።

ስለ መሰረዙ ደግሞ ላጫውትህ። በስድስተኛው ዓመቴ ይመስለኛል፣ አንድ ወንድም ሁለት ዓመት ጠፋ። ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጽፌለታለሁ፤ ቅጂዎቹን ቀኑን እየጻፍሁ በሰማያዊ ፋይል አስቀምጫለሁ፣ ሥርዓት አክባሪ ነኝና። ስሙ ለጉባኤ ሊቀርብ ሳምንት ሲቀረው ከአንድ ዲያቆን ጋር ቤቱ ሄድን። ሻይ አፈላልን። ከዚያ «የመጣችሁት ስሜን ልትሰርዙ ነው አይደል? ሚስቴ ስትታመም የት ነበራችሁ?» አለን። ፋይሉ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ አላወጣሁትም። መታመሟን አላወቅንም ነበር። ጉባኤው ሲሰበሰብ የቀረበው የእሱ ስም አልነበረም፤ የእኛ ጥፋት ቀረበ።

ማቴዎስ 18 የሚጀምረው ብቻህን ሆነህ ወደ ወንድምህ ሂድ ብሎ ነው። «ለቤተ ክርስቲያን ንገራት» የሚለው መጨረሻ ላይ ይመጣል። ለጳጳስ ወይም ለኮሚቴ ንገር አለማለቱን ባፕቲስቶች አጥብቀን ይዘነዋል፤ ከዚያ በፊት ያሉትን ሁለት እርምጃዎች ግን ብዙ ጊዜ እንዘላቸዋለን። በቆሮንቶስም ጳውሎስ ኃጢአተኛውን እንዲያስወጡት ያዘዘው ጉባኤውን ነው፤ በሁለተኛው መልእክት ደግሞ የብዙዎቹ ቅጣት ይበቃዋል፣ አሁን ይቅር በሉትና አጽናኑት ይላቸዋል። ያስወጣው ጉባኤ ራሱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄህ ቀላል ነው። የ1689ኙ የለንደን የእምነት መግለጫ ስለ ቤተ ክርስቲያን የሚናገረውን ምዕራፍ የሚጀምረው በአጥቢያ ሳይሆን የተመረጡትን ሁሉ በምትይዘው ዓለም አቀፋዊት ቤተ ክርስቲያን ነው። ጉባኤዎች መልእክተኞች ልከው እንዲመካከሩም ያዝዛል፤ ነገር ግን ለተሰበሰቡት መልእክተኞች በአጥቢያዋ ላይ የቤተ ክርስቲያን ሥልጣን አይሰጣቸውም። ምክር ይሰጣሉ፣ አያዝዙም። ዓለም አቀፋዊት የምትባል ቤተ ክርስቲያን የለችም፣ ያለችው አጥቢያ ብቻ ናት የሚሉ ባፕቲስቶች በ19ኛው መቶ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ተነሥተዋል፤ ዛሬም አሉ። እኔ ከእነሱ አይደለሁም።

ሰሚ ብቻ

እኅቴ፣ ያሉት ሁሉ ልብ ይነካል፤ አንድ ነገር ግን ይጎረብጠኛል። እኔ በሕፃንነቴ የተጠመቅሁ ሰው ነኝ። ክርስቶስን አምናለሁ። አንድ የባፕቲስት ጉባኤ በጌታ እራት ጊዜ ዳቦውን ሲያዞር ከእኔ አጠገብ የነበረው ሰው በዝቅተኛ ድምፅ «ተጠምቀዋል?» አለኝ፤ በሕፃንነቴ ስለው ሳህኑን በላዬ አሳልፎ ሰጠ። «እናምንሻለን» ማለት እንዲህ ነው? ደግሞም ራሳችሁን ስትጠብቁ ውጭ ያለውን ሰው መቼ ልታዩት ነው?

የቃለ ጉባኤ ጸሐፊ

ሳህኑ በላይዎ ማለፉን ሳነብ አዘንሁ። ሥርዓቱ ያ ቢሆን እንኳ አስቀድሞ ከፊት ሆኖ መናገር የሰብሳቢው ሥራ ነው፤ አጠገብ በተቀመጠ ሰው የሚደረግ ምርመራ አይደለም።

በዚህ ነገር ባፕቲስቶች አንድ ሆነን አናውቅም። ዐሥራ ሁለት ዓመት የታሰረው እንግሊዛዊ ሰባኪ ጆን በንያን በ1673 የውሃ ጥምቀት ልዩነት ኅብረትን መከልከል የለበትም ብሎ ጻፈ፤ የለንደኑ መጋቢ ዊልያም ኪፊን የጌታ እራት ከጥምቀት ቀጥሎ የሚመጣ ነው፣ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ አይገባም ብሎ መለሰለት። ሁለቱም ባፕቲስት፣ ሁለቱም ለእምነታቸው መከራ የቀመሱ። በኋላ በ19ኛው መቶ ዘመን የለንደኑ ባፕቲስት ሰባኪ ስፐርጀን ማዕዱን ለአማኞች ሁሉ ከፍቶ አባልነቱን ግን አምነው ለተጠመቁ ብቻ አደረገው። የእኛ ጉባኤ እንደ ስፐርጀን ነው። እኔ በግሌ የኪፊንን ክርክር ጠንካራ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ እጄ ግን ከበንያን ጋር ይወጣል። ይህን ስል አንዳንድ ወዳጆቼ ይቆጣሉ።

ውጭ ያለውን ሰው በተመለከተ ወቀሳዎ ተገቢ ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን እግዚአብሔር ሊያድን ከፈለገ ያለ እኛ ያድናል ብለው የተቀመጡ ባፕቲስቶች ነበሩ። ጫማ ሰፊ የነበረው ዊልያም ኬሪና ጓደኞቹ ናቸው በ1792 የወንጌል መልእክተኞች ማኅበር አቋቁመው ያን ዝምታ የሰበሩት፤ በማግስቱ ዓመት ኬሪ ወደ ሕንድ ሄደ። ማኅበሩ ከትንንሽ ጉባኤዎች በተዋጣ ገንዘብ የቆመ ነው፤ ያዘዛቸው የበላይ አካል አልነበረም።

ፈጣን መላሽ

እሺ፣ ዲሞክራሲ ያልሁትን ትቻለሁ። ግን አንድ ነገር ይመልሱልኝ፤ ጉባኤው በአብላጫ ድምፅ ቢሳሳትስ? ከበላይ ማን ያርመዋል?

የቃለ ጉባኤ ጸሐፊ

ማንም። ይህ የእምነታችን ውድ ዋጋ ነው፤ አሳንሼ አልነግርህም። አጎራባች ጉባኤዎች ሊመክሩ፣ ኅብረታቸውንም ሊያቋርጡ ይችላሉ፤ ውሳኔውን ግን ሊሽሩ አይችሉም። አንድ ጊዜ በሠላሳ አራት ለሠላሳ አንድ የተወሰነ ነገር መዝግቤያለሁ። ከድምፅ በኋላ ሰብሳቢው «አሸንፈናል» ብለው ሲያንሾካሹኩ ሰማሁ፤ ያን ግን ቃለ ጉባኤው ላይ አልጻፍሁትም። በዓመቱ ሠላሳ አንዱ ሄዱ። የተሳሳትነው የትኛው ወገን እንደሆነ ዛሬም እንከራከራለን።

አዲስ አባል

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እኅቴ፣ የሰማያዊው ፋይል ነገር ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ዛሬ ከሥራ ስወጣ ለጉባኤያችን ጸሐፊ ደውዬ የዚያን ሰው ስልክ ጠየቅሁ። «እርስዎ የጉብኝት ኮሚቴ ውስጥ አሉ እንዴ?» አሉኝ። «የለሁም፤ አባል ነኝ» አልኋቸው። ትንሽ ዝም ብለው ቁጥሩን ሰጡኝ።

ሁለት ጊዜ ደወልሁ፤ አላነሣም። ነገ ማለዳ እንደገና እደውላለሁ።