የዕቅድ ውይይት፦ ከሽሮ ሜዳ እስከ የካ ጫካ፣ መንገዶቻችን

ጸሐፊ፦ ሰላም ወገኖች። እሁድ ከሩጫ በኋላ ቡና ላይ የጀመርነውን እዚህ እንጨርሰው። በእንጦጦና በየካ ጫካ የምንሮጥባቸውን መንገዶች ወረቀት ላይ አስፍረን ምልክት እንዲደረግባቸው እንጠይቅ ተባብለናል። የእኔ ረቂቅ ሦስት መንገድ ነው። አንዱ ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ ማርያም ይወጣል። ሁለተኛው ከላይ ሸንተረሩን ይዞ ወደ ምሥራቅ ይሄድና በየካ ጫካ በኩል ኮተቤ ይወርዳል። ሦስተኛው ሸንተረሩን ተሻግሮ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ይገባል። በሉ፣ ቦጫጭቁት።

አንጋፋው፦ እጅህ ይባረክ። አንደኛው መንገድህ ግን አስፋልት ነው። የመኪና ጭስ እየዋጥኩ ያንን ዳገት የወጣሁት ይበቃኛል። ቁልቁለቱማ ለጉልበትም አይሆንም። በጫካው ውስጥ የሚወጣው የእግር መንገድ እያለ ምን አስፋልት አስመኘህ?

የሽሮ ሜዳዋ፦ ጋሼ፣ ልክ ነዎት። ግን የእግር መንገዱ ባለቤት አለው። እኔ እዚያው ነው ያደግሁት። ማገዶ የሚለቅሙት እናቶች እኛ ጫማችንን ሳናስር ወጥተዋል። እኛ ስንወጣ እነሱ ሸክማቸውን ይዘው ይወርዳሉ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ሸክሙ ደግሞ ከሴትየዋ ቁመት ይበልጣል። ቁልቁል እየመጣች አቁሚ ብትሏት አትችልም። ከተቀመጠች የሚያነሳት ሰው ያስፈልጋታል። አንድ ቀን ከእኛው ልጆች አንዱ "መንገድ! መንገድ!" እያለ ሲጮህ ሰምቼ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ብያለሁ። ያንን መንገድ በእግራቸው ያወጡት እነሱ ናቸው።

ጸሐፊ፦ ይኼ ከሁሉም በፊት ይጻፍ። "ሸክም የያዘ ቅድሚያ አለው፤ ሯጭ ከመንገዱ ወጥቶ ቆሞ ያሳልፋል።" የሚቃወም?

አንጋፋው፦ ማን ይቃወማል። እንዲያውም ታሪኩን ላንሳው። በምኒልክ ዘመን በከተማዋ ማገዶ ጠፍቶ ቤተ መንግሥቱ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አዲስ ዓለም ሊሄድ ነበር። ባህር ዛፍ መጥቶ ባይተከል አዲስ አበባም አትጸናም፣ የምንሮጥበትም ጫካ አይኖርም። የምንሮጠው ማገዶ ውስጥ ነው ማለት ነው።

ባለ ሰዓቱ፦ እሺ፣ ታሪኩ ደስ ይላል። እኔ ግን ርቀት እፈልጋለሁ። በየኪሎ ሜትሩ ቁጥር የተጻፈበት ድንጋይ ቢኖር ሰው ልምምዱን ያውቃል። ችግሩ የካ ጫካ ውስጥ ነው። በጂፒኤስ ሁለት ጊዜ ለካሁት፤ ሁለት የተለያየ ቁጥር ሰጠኝ።

አንጋፋው፦ አይሰጥህም። ምክንያቱም እዚያ መንገድ የለም። ሯጮቹ ጠዋት እንዴት እንደሚሮጡ ልብ ብለህ አይተሃል? አንዱ ይመራል፣ ሌላው እግሩን እያየ በሰልፍ ይከተላል። መሪው በዛፎቹ መሀል ይጠመዘዛል፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ሽቅብ፣ ትንሽ ቁልቁል። ዛሬ የሄደበትን ነገ አይደግመውም። የሚደረገውም ለምክንያት ነው። ዳገቱን በቀጥታ ስትወጣው ልብህ ይፈነዳል፤ አግድም ስትቆርጠው ግን ትንፋሽህን ይዘህ ብዙ ትቆያለህ። እግርህም በየእርምጃው ሌላ መሬት ስለሚረግጥ ቁርጭምጭሚትህ ይጠነክራል። ባህር ዛፍ ደግሞ ከሥሩ ብዙ ነገር ስለማያበቅል በመሀሉ መሮጥ ይቻላል። ጫካን ወደ መስመር ከቀየርከው ኮሮኮንች ሆነ ማለት ነው። ለኮሮኮንችማ ሰንዳፋ አለልን።

ባለ ሰዓቱ፦ ታዲያ ምን ላይ ምልክት እናድርግ?

የሽሮ ሜዳዋ፦ ዳር ዳሩ ላይ። መግቢያው፣ መውጫው፣ ገደሉ ያለበት ጎን። መሀሉ ይተው።

ጸሐፊ፦ ወድጄዋለሁ። ሁለተኛው መንገድ ለሁለት ይከፈል። ሸንተረሩ ላይ ያለው መስመር ይሁን፣ ባለ ሰዓቱ ድንጋዩን ይቁጠርበት። የካ ጫካ ግን "የሩጫ ክልል" ተብሎ ድንበሩ ብቻ ይጻፍ።

የኮተቤው፦ ጉቶውንም ጨምሩ። ባህር ዛፍ ሲቆረጥ ጉቶው ይቀራል፣ ቅጠል ይሸፍነዋል። ባለፈው ወር አንዱ አውራ ጣቴን ነቅሎ ሊሰደኝ ነበር። አዲስ የተቆረጠ ቦታ ሲኖር በግሩፑ ላይ ይነገር። መሪ የሆነም ሰው በእጁ ያሳይ። ክረምት ላይ ደግሞ ቀዩ አፈር ሳሙና ነው፤ ቦረቦሩም በየዓመቱ ይሰፋል። ከሐምሌ እስከ ነሐሴ በየካ በኩል ያለው ቁልቁለት ዝግ ይሁን ባይ ነኝ። ቀበና ወንዝም ከላይ ሲዘንብ ሳይታሰብ ይሞላል፤ "ድንጋይ ለድንጋይ እሻገራለሁ" የሚል ጀግና አያስፈልገንም።

አዲስ አባል፦ ይቅርታ፣ ጅቡስ?

የኮተቤው፦ ጅቡ ሲነጋ ወደ ጉድጓዱ ይገባል። ጎህ ሳይቀድ አትግባ፣ ብቻህንም አትግባ። ውሻ ሲመጣብህ ጎንበስ ብለህ ድንጋይ የምታነሳ ምሰል። አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ሐኪሟ፦ ስለ ከፍታው አንድ ነገር ልበል። ሸንተረሩ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚገኘው 70 በመቶ ያህሉ ነው። እኛ ከተማው ውስጥ ሆነን ለምደነዋል። ለገና ከአሜሪካ የሚመጡ ዘመዶቻችን ግን በመጡ በማግስቱ ነው "እንጦጦ ውሰዱኝ" የሚሉት። ሁለት ሦስት ቀን ከተማ ይሰንብቱ፣ ከዚያም ዳገቱን በእርምጃ ይውጡት። ራሱን ያመመው ወይም ያቅለሸለሸው ሰው "ይለፍልኝ" ብሎ እዚያው አይቀመጥ፣ ይውረድ። ይህን በምልክቱ ላይ በአንድ መስመር መጻፍ ይቻላል።

የሱሉልታው፦ ወደ ሦስተኛው መንገድ ልመልሳችሁ፤ የዘነጋችሁት ነገር አለ። ሸንተረሩን ስታልፉ አስተዳደሩ ኦሮሚያ ነው። ስለዚህ ምልክቱን የምንጠይቅበት ደብዳቤ ሁለት ነው፣ ምልክቱም በኦሮምኛም ይጻፍ። ሜዳው በክረምት ውሃ ይይዛል፤ እስከ መስከረም መጨረሻ አይታሰብም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሣሩ ለድርቆሽ ይጠበቃል። እናንተ ሜዳ የምትሉት ለአባወራው የከብቱ ቀለብ ነው። ሣሩ እስኪታጨድ በዳር ሩጡ። ደብዳቤው ከመጻፉ በፊት ግን ሁለት ሰው መጥቶ ሽማግሌዎቹን ያናግር። እኔ አብሬ እሄዳለሁ።

ባለ ሰዓቱ፦ እዚያ ሸንተረር ላይ በሰሜን በኩል የፈሰሰ ውሃ በሙገር አድርጎ ዓባይ ይገባል አሉ፣ በደቡብ የፈሰሰው በአቃቂ አድርጎ አዋሽ። የእኔ ላብ ለሁለቱም ይደርሳል።

ጸሐፊ፦ ላብህን ለሱሉልታ ሽማግሌዎች ንገራቸው። ከእሱ ጋር የምትሄደው አንተ ነህ።

የሽሮ ሜዳዋ፦ ቀኑንም አስቡበት። ወር በገባ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ21 ማርያም ናት። በእነዚህ ቀናት መንገዱ የነጠላ ጎርፍ ነው፤ ጠበል የሚሄድ ታማሚም አለ። በቁምጣ መሀላቸው መሮጥ አይሆንም። መስከረም 1 ደግሞ ራጉኤል ነው።

ጸሐፊ፦ ገብቷል። እስካሁን ያለው ይኼ ነው። አንደኛው መንገድ አስፋልቱን ትቶ የእግር መንገዱን ይይዛል፣ ግን ሸክም ቅድሚያ አለው፣ በ16 እና በ21 አንሮጥበትም። ሸንተረሩ ላይ ቁጥር ያላቸው ድንጋዮች ይኖራሉ። የካ ጫካ ክልል ነው፣ ቁልቁለቱ ሐምሌና ነሐሴ ይዘጋል። የሱሉልታው መንገድ ሽማግሌዎቹ እስኪጠየቁ በእንጥልጥል ይቆይ። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ የራሱ መግቢያና ሰዓት ስላለው በእሱ ውስጥ የሚያልፈው ክፍል ለብቻው ይጠየቅ። ዛፍ ላይ ሚስማር መምታት ክልክል ነው፤ ምልክቱ ድንጋይ ላይ በቀለም ይሁን።

አንጋፋው፦ ይሁን። "መንገዶቻችን" የሚለውን ርዕስ ግን ቀይረው።

ጸሐፊ፦ "የምንጋራቸው መንገዶች" ብየዋለሁ።

የኮተቤው፦ ቀለሙን እኔ አመጣለሁ። ቤት ሳሳድስ የተረፈኝ ነጭ አለ።

ሐኪሟ፦ ነጭ በጉም አይታይም። ቢጫ ፈልግ።