ጉሮሮዬ ስር ያመኛል፣ ምን ሊሆን ይችላል?

የፒያሳዋ (ጠያቂ)፦ ሰላም ቤተሰብ። ጉንፋን ይዞኝ ከለቀቀኝ በኋላ ጉሮሮዬ ስር፣ ከሁለቱ የአንገት አጥንቶች መሐል ያለችው ጎድጓዳ ቦታ አካባቢ ማመም ጀመረኝ። ስውጥ ይብሳል፣ በጣቴ ስነካው ያመኛል፣ አንዳንዴ ወደ ጆሮዬ ይወጣል። ቶንሲል ነው ብዬ በባትሪ አየሁት፣ ያበጠ ነገር የለም። ሰፈር ውስጥ «እንጥልሽ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥልሽ» የሚሉኝ አሉ። የገጠመው ሰው ካለ ይንገረኝ።

ጨጓራም፦ እኔ ጋ ቃር ነበር። አሲዱ ወደ ላይ እየወጣ ጉሮሮን ያቃጥላል፣ ደረትሽ ላይ ግን ላይሰማሽ ይችላል። ጠዋት አፍሽን ይመርሻል? ድምፅሽ ይሻክራል? ማታ ቀይ ወጥ በልቶ ወዲያው መተኛት ያባብሰዋል። ከእራት በኋላ 3 ሰዓት ያህል ሳትተኚ ቆዪ፣ ቡናም ቀንሺ (ፒያሳ ተቀምጦ ቡና ቀንሺ መባል እርግማን ነው፣ አውቃለሁ)።

ነርሷ፦ ቃር እኮ ሲነኩት አያምም። ጉንፋንን ተከትሎ መጥቶ፣ ሲነኩት አሞ፣ ጆሮና መንጋጋ ድረስ የሚሄድ ከሆነ እኔ የታይሮይድ ዕጢ መቆጣትን ነው የምጠረጥረው። ዕጢው ያለው እዚያው ነው፣ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ። ቫይረሱ ካለፈ ከሳምንታት በኋላ ያብጣል፣ ያማል፣ ውስጡ የተከማቸው ሆርሞን ወደ ደም ስለሚፈስ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ያልባል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ በራሱ ይሻላል። ሐኪም በአብዛኛው እንደ አይቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻ ነው የሚያዘው፣ አንቲባዮቲክ ምንም አይፈይድለትም። ሐኪሙ አንገትሽን ዳብሶ ይይልሽ፣ የደም ምርመራው ቲኤስኤች ይባላል። እንጥል ማስቆረጡን ግን ተይ! ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን እንጂ ሌላ ትርፍ የለውም።

የመድኃኒት ቤት ልጅ፦ ክኒን እየወሰድሽ ነው? ዶክሲሳይክሊን ወይም ለደም ማነስ የሚሰጠውን አይረን በአንድ ጉንጭ ውሃ ውጦ ጋደም ማለት የምግብ ቧንቧን ያቆስላል። አንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ፣ ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ማለት። አይቡፕሮፌንም ጨጓራ ካለብሽ ሐኪም ሳትጠይቂ እንዳትገዢ።

የቸርችሉ አባት፦ ልጄ፣ አንቺን ላስፈራራሽ ሳይሆን ሌላም ሰው ስለሚያነበው ነው። እኔን ከፖስታ ቤት ወደ ማዘጋጃ ቤት ዳገቱን ስወጣ እዚያችው ቦታ ጨምድዶ ይይዘኝ ነበር፣ ቆም ስል ደግሞ ይለቀኛል። ዝንጅብል በማር ጠጣ ያላለኝ የለም። ሲመረመር የልብ ሆኖ ተገኘ። ስትሄዱ የሚመጣ፣ ስታርፉ የሚተው ከሆነ ነገ ዛሬ አትበሉ።

የፒያሳዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ አባቴ፣ እኔን ቁጭ ባልኩበትም ያመኛል። ክኒን አልወስድም። ልቤ ግን ማታ ማታ ይመታል። በቀጥታ ከአንገት በላይ ሐኪም ጋ ልሂድ?

ነርሷ፦ ጠቅላላ ሐኪም ይበቃል፣ ጤና ጣቢያም ቢሆን። ካስፈለገ ሪፈር ይጽፉልሻል። የልብ ምትሽን ሳትነግሪያቸው እንዳትወጪ። ምራቅ መዋጥ ካቃተሽ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ ግን ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፣ መሄድ ካልቻልሽም 907 ደውለሽ አምቡላንስ ጥሪ።