ኢንተርስቴት 69 እርሻውን መቁረጥ ነበረበት ወይ?

ጠያቂ፦ በአሜሪካዋ ኢንዲያና ግዛት ከኢቫንስቪል ኢንዲያናፖሊስ የሚወስደው ኢንተርስቴት 69 የተባለው ፈጣን አውራ ጎዳና እ.ኤ.አ. በ2024 ተጠናቋል። 142 ማይል ነው። የግዛቱ ገዥ ፍራንክ ኦባነን መስመሩን እ.ኤ.አ. በ2003 ሲመርጡ፣ ተቃዋሚዎች በቴሬ ሆት ከተማ በኩል ያለውን ነባሩን ዩኤስ 41 መንገድ አሻሽሎ ከኢንተርስቴት 70 ጋር ማገናኘት ይበቃል ብለው ተከራክረው ነበር። አሁን ደግሞ በዱቦይስ ካውንቲ ሚድ ስቴትስ ኮሪደር የሚባል መንገድ ሲጠና ቆይቷል። በእርሻ መሃል አዲስ መንገድ ይውጣ ወይስ ነባሩ ይሻሻል የሚለው ያው ጥያቄ ተመልሶ መጣ። ምን ትላላችሁ?

ሹፌር፦ እኔ መንገዱን እደግፋለሁ። ጭነት ይዤ እመላለስበታለሁ። በድሮው መንገድ ቴሬ ሆት ስትገባ መብራት አልፈህ ሌላ መብራት ነው። 80 ሺህ ፓውንድ ይዞ መቆምና መነሳት ምን እንደሆነ የነዳ ያውቀዋል። ከጎን ዘው የሚልብህም አለ። ኢንተርስቴት ላይ መስቀለኛ የለም፤ ሰው ይተርፋል።

የገበሬ ምራት፦ ወንድሜ፣ የመብራቱን ነገር አልክድም። ግን የባለቤቴ አባት ቤት መጥተህ ብታይ ጥሩ ነበር። ማዶ ያለው በቆሏቸው ከወጥ ቤቱ መስኮት ይታያል። መሃሉን መንገዱ ቆርጦታል። ኮምባይነር፣ ማለት ትልቁ የማጨጃ ማሽን፣ ደግሞ ኢንተርስቴት ላይ አይወጣም። አጨዳ ሲደርስ የፊት መቁረጫውን ይፈቱታል፣ ተጎታች ላይ ይጭኑታል፣ በድልድዩ ዞረው ማዶ ሲደርሱ መልሰው ይገጥሙታል። ዝናቡ መጣ አልመጣ እየተባለ ግማሽ ቀን እንዲህ ያልቃል። መንገዱ በሰያፍ ስላለፈ ጥጉ ላይ የቀረችው ሦስት ማዕዘን መሬት ማሽን እንኳ አታዞርም። ከአፈሩ ሥር ውኃ የሚያስወጣው ቱቦም ተቆርጦ ነበር። በጸደይ ውኃ ተኛበትና ዘሩ በሰበሰ።

መሐንዲስ፦ ካሣ ተከፍሏል እኮ። ሕገ መንግሥቱ ያለ ተገቢ ካሣ መሬት መውሰድን ይከለክላል። የተወሰደው ብቻ ሳይሆን የቀረው መሬት ዋጋ መውረዱም ይታሰባል። ደግሞ ሁሉም አዲስ አይደለም። ከብሉሚንግተን ወደ ሰሜን ያለው ነባሩ ስቴት ሮድ 37 ተሻሽሎ ነው።

የገበሬ ምራት፦ ካሣው የተከፈለው አንዴ ነው። ዙሩ ግን በየዓመቱ ነው። ያነሳኸው 37 ደግሞ የኔን ሐሳብ ይደግፋል። ሰሜኑ ላይ ነባር መንገድ ማሻሻል ከተቻለ ደቡቡ ላይ ምን ከለከለ?

መሐንዲስ፦ በቴሬ ሆት ይረዝማል። ብሉሚንግተንና ክሬን ያለው የባሕር ኃይል ጣቢያም ከመስመሩ ውጪ ይቀሩ ነበር።

ጎረቤት፦ ዴቪስ ካውንቲ ያሉትን አሚሾች እንዳትረሷቸው። በሃይማኖታቸው ምክንያት መኪና አይነዱም፤ በፈረስ ጋሪ ነው የሚሄዱት። አንድ የገጠር መንገድ ሲዘጋባቸው ዘመድ መጠየቁም ገበያውም ይርቃል። ጥናቱ ላይ የሚቆጠረው የመኪና ደቂቃ ነው፤ የፈረሱስ?

ሹፌር፦ እህቴ፣ የኮምባይነሩን ነገር እውነቴን ነው አስቤው አላውቅም። መንገድ አያስፈልግም አልልም፤ አሁንም እደግፋለሁ። ዱቦይስ ላይ ግን መስመሩ ከመወሰኑ በፊት ድልድዩ የት ይሁን የሚለውን ገበሬው ይናገር። እናንተ ለመሻገር ስንት ትዞራላችሁ?

የገበሬ ምራት፦ ሦስት ማይል። ለመመለስም ሦስት።