ከፋሲካ እስከ አረፋ፦ ደሴ ያለው ትምህርት ቤታችን የ2018 ፀደይ ዕቅድ ውይይት

የኅብረቱ ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የወላጆች፣ የመምህራንና የተማሪዎች ኅብረታችን ስለ ፀደይ ዝግጅቶች ለርዕሰ መምህሩ የሚያስገባው የጋራ ሐሳብ በዚህ ሳምንት ማለቅ አለበት። በእኛ አቆጣጠር ፀደይ፣ ማለትም በልግ፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። ሲያዩት ሦስት ወር ሙሉ ነው፤ ቀን በቀን ሲቆጠር ግን በጣም ጠባብ ነው። ፋሲካ ሚያዝያ 4 ይውላል። እስከዚያ ጾም ነው፣ ከበዓሉ በኋላም ልጆቹ ተሰብስበው እስኪመለሱ ሳምንት ይሄዳል። አረፋ ግንቦት 19 አካባቢ ነው። ከዚያ ወዲያ ጥናትና ፈተና ብቻ ነው። ስለዚህ በእጃችን ያለው አንድ ወር ገደማ ነው።

የመጀመሪያው ረቂቅ እንዲህ ይላል። የ12ኛ ክፍል ጉዞ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ የክፍሎች እግር ኳስ ውድድር፣ ከለር ዴይ፣ ችግኝ ተከላ።

አንድ ነገር ልጨምር። የዘንድሮ 12ኛ ክፍሎች በመጋቢት 2012 ትምህርት ቤት በኮሮና ሲዘጋ 6ኛ ክፍል ነበሩ። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ 8ኛ ክፍል። ጓደኛ የሚያበዙበት ዕድሜ በስደትና በቤት ውስጥ አለፈባቸው። ይህን ፀደይ እንዲሁ እንዲያልፋቸው አልፈልግም። እባካችሁ በደንብ አስቡበት።

የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ተወካይ፦
ቲቸር፣ ስላሰቡልን እናመሰግናለን። ግን ሁለት ነገር አለኝ።

ሐይቅ እስጢፋኖስ ሴት አይገባም። የገዳሙ ሥርዓት ነው፣ እናከብረዋለን። ግን የክፍላችን ግማሹ ሴት ነው። እህቴ በእሷ ጊዜ ሄዳ ነበር። ወንዶቹ ገብተው እስኪወጡ ሴቶቹ ውጭ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው ጠበቁ። ከጉዞው የምታስታውሰው መጠበቁን ብቻ ነው። እኛም ያንን ይዘን እንድንመለስ አልፈልግም።

ሁለተኛው ከለር ዴይ ነው። አንድ ዓይነት ቲሸርት መግዛት ግድ ነው። አምና ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ የዚያን ቀን «አሞኛል» ብላ ቀረች። አላመማትም። ብር አልነበራትም። ይቅርብን። አውቶግራፍ ይሻለናል። ደብተር ሁሉም አለው።

የታሪክ መምህር፦
ልክ ነሽ ልጄ፣ ይህን እኛ ቀድመን ማየት ነበረብን። የገዳሙን ጉብኝት እናውጣው፣ ሐይቁን ግን አንተው። ከደሴ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጠዋት ተሄዶ ከሰዓት ይመለሳሉ። ሁሉም ዳርቻው ላይ አብረው ይቀመጡ፣ ታሪኩን እዚያው እነግራቸዋለሁ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን እዚያ ስላቋቋሙት ትምህርት ቤት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ራሳቸው እዚያ እንደተማሩ። የትምህርት ቦታ ስለነበረ ተማሪ እንዲሰማው እወዳለሁ። ገዳሙን መሳለም የሚፈልግ ሌላ ቀን ከቤተሰቡ ጋር ይሂድ።

የሁለት ተማሪዎች እናት፦
እኔ ስለ ምሳው ላንሳ። ከፋሲካ በኋላ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፣ ስለዚህ «ሥጋ ይሁን» የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። እኔ አይሁን እላለሁ። ሥጋ ከገባ የክርስቲያን ለብቻ የሙስሊም ለብቻ ይሆናል። ልጆቹ በሁለት ጎራ ተቀምጠው ይበላሉ። ያሳዝነኛል። ሽሮ፣ ምስር፣ አልጫ፣ ሰላጣ ይበቃል። ሁሉም ከአንድ ትሪ ይቆርሳል። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት ግብር የሚበላበት አዳራሽ ስሙ «አይጠየፍ» ነው። የዚህ ከተማ ልጆች አብሮ መብላትን ከእኛ ይማሩ። እንጀራውን እኛ እናቶች ተከፋፍለን እንጋግራለን።

የስፖርት መምህር፦
በውድድሩ እስማማለሁ፣ ሰዓቱ ግን ይቀየር። ረቂቁ ከትምህርት በኋላ 9 ሰዓት ይላል። በበልግ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይበዛል፣ ሜዳችን ደግሞ አንዴ ከረጠበ ጭቃ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ ተንሸራቶ ክንዱን ሰበረ። ቅዳሜ ጠዋት እንጫወት። ለፍጻሜው ሚያዝያ 23 የሠራተኞች ቀን ነው፣ ትምህርት የለም። ዓርብ ስለሆነ 2 ሰዓት ተኩል ተጀምሮ 5 ሰዓት ላይ ያልቃል፣ ለጁምዓ የሚሄድ በሰላም ይደርሳል።

የሴቶች ቡድንም ይጻፍ። «እንዲሁም ሴቶች» ተብሎ ከታች ሳይሆን እኩል ጨዋታ፣ እኩል ዋንጫ። ልምምድ ላይ የማያቸው ልጆች አሉ። ኳስ ይወዳሉ፣ የሚያጫውታቸው ነው ያጡት።

የባዮሎጂ መምህርትና የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ኃላፊ፦
ችግኝ በሚያዝያ አይተከልም። የበልግ ዝናብ ይቆራረጣል፣ በመካከል ፀሐይ ያቃጥለዋል። ለፎቶ ተክለን ሰኔ ላይ የደረቀ እንጨት መንቀል በቃኝ። በፀደይ የሚሠራው ጉድጓድ መቆፈር ነው። 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 40 ጥልቀት። የላይኛው ለም አፈር በአንድ በኩል፣ የታችኛው በሌላ በኩል ይቀመጣል። ጉድጓዱ ተከፍቶ ሲቆይ አፈሩ ይላላል፣ ውኃም ይገባዋል። ክረምቱ ሲይዝ ወይራ፣ ጽድና ኮሶ እንተክላለን፤ ለም አፈሩ ከሥሩ ይመለስለታል። 12ኛ ክፍሎች ያኔ አይኖሩም። ስለዚህ እነሱ ይቆፍሩ፣ 9ኛ ክፍሎች ይትከሉ፣ ይንከባከቡም። እያንዳንዱ ጉድጓድ ተቀባዩን ያውቃል።

የቀድሞ ተማሪ፣ ከጅዳ፦
ሰላም ጋሼዎቼ፣ እትዬዎቼ። እዚህ ያለን የትምህርት ቤቱ ልጆች ተነጋግረናል። የሐይቁን ጉዞ የመኪና ወጪ እኛ እንችላለን። ሀይገር ይሁን ቅጥቅጥ እናንተ ምረጡ። አንድ ነገር ብቻ አደራ። ማን ከፈለ ማን አልከፈለ ተብሎ ስም እንዳይጠራ። እኔ በጊዜዬ ስሜ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ አይቻለሁ። እስከ ዛሬ ያን ሰሌዳ አልረሳሁትም።

የሁለት ተማሪዎች እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ አላህም ይጨምርልህ። ግን ሁሉም በነጻ ከሆነ ልጆቹ የእንግዳ ስሜት ይሰማቸዋል። የአቅማቸውን ይዘው ቢመጡስ?

የቀድሞ ተማሪ፣ ከጅዳ፦
እሺ እትዬ። ታዲያ በፖስታ ይሁን። ሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት ፖስታ ይወስዳል፣ ስም ሳይጽፍ አሽጎ ሳጥን ውስጥ ይጨምራል። ያለው ያለውን፣ የሌለው ባዶውን። የጎደለውን እኛ እንሞላለን።

የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ተወካይ፦
ይህ በጣም ጥሩ ነው። ፖስታውን እኛ እንሠራዋለን፣ ከአሮጌ ደብተር ወረቀት።

የኅብረቱ ጸሐፊ፦
ሁሉንም አንድ ላይ አድርጌ ጻፍኩት። ተመልከቱልኝ።

«ቅዳሜ ሚያዝያ 17 የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በሙሉ፣ ሴቱም ወንዱም፣ ወደ ሐይቅ ዳርቻ ይጓዛሉ። ምሳው ሥጋ የሌለበት ሆኖ በጋራ ይበላል። የክፍሎች የወንዶችና የሴቶች ውድድር ቅዳሜ ጠዋት ይካሄዳል፣ የሁለቱም ፍጻሜ ሚያዝያ 23 ጠዋት ይሆናል። ግንቦት 1 የችግኝ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ 9ኛ ክፍሎች ይረከባሉ። ሐሙስ ግንቦት 6 ከትምህርት በኋላ የአውቶግራፍ ፕሮግራም ይኖራል፣ ሚኒ ሚዲያ ያግዛል። ከለር ዴይ ቀርቷል። መዋጮ በስም አይመዘገብም። ከግንቦት 6 በኋላ ለተፈታኞች ምንም ዝግጅት አይያዝም፣ ቤተ መጻሕፍቱ ቅዳሜም ይከፈትላቸዋል። በዝግጅቶቹ ሁሉ ተማሪዎች ይሳተፋሉ።»

የስፖርት መምህር፦
ተስማምቻለሁ። ዋንጫዎቹን እኔ አፈላልጋለሁ።

የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ተወካይ፦
ቲቸር፣ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ። «ይሳተፋሉ» የሚለው «ያዘጋጃሉ» ቢባልልን። ከየክፍሉ ሁለት ሁለት ልጅ አስቀድመን መርጠናል።

የኅብረቱ ጸሐፊ፦
አስተካክዬዋለሁ። ሰኞ ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ በኋላ ቢሮ አስገባዋለሁ። አንቺም አብረሽኝ ግቢ።