3,550 ደረጃ የሚወጣ ትንሽ ቦርሳ፦ ለቲሩማላ ምን ልግዛ?

ጥያቄ፦ ቪዛግ ያለችው

ሰላም ለቤቱ። ሕንድ፣ ቪሳካፓትናም (በአጭሩ ቪዛግ) ማስተርሴን እየተማርኩ ነው። የተከራየሁበት ቤት ባለቤት ስለት አለባቸው። እኔም እንደ ልጆቻቸው «አማ» ነው የምላቸው። የልጅ ልጃቸው ታሞ በነበረ ጊዜ፣ ከዳነ ቲሩማላን በእግሬ እወጣለሁ ብለው ተሳሉ። ልጁ ዳነ። አሁን «አንቺም ካልመጣሽ» ብለው ይዘውኛል።

ለማያውቅ፦ ቲሩማላ በአንድራ ፕራዴሽ፣ ከቲሩፓቲ ከተማ በላይ ያለ ተራራ ነው። እዚያ ላይ የሂንዱ አምላክ የቬንካቴስዋራ መቅደስ አለ። የምንወጣው ከተራራው ሥር፣ ከአሊፒሪ በሚነሳው የደረጃ መንገድ ነው፤ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 3,550 ደረጃ። አራት ነን። አማ 61 ዓመታቸው ስለሆነ ሸክሙ የእኔ ነው።

ያለኝ አንድ ትልቅ የጉዞ ሻንጣና የላፕቶፕ ቦርሳ ብቻ። ትንሽ የጀርባ ቦርሳ ልገዛ ነው። ስንት ሊትር ይበቃል? ምን ልይ ስገዛ?

አንድ ነገር ልጨምር። መቅደሱ ውስጥ አልገባም። ሂንዱ ያልሆነ ሰው በአምላካቸው እንደሚያምን ፈርሞ ነው የሚገባው። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ የማላምንበትን አልፈርምም። አማም ገብቷቸዋል። ውጭ እጠብቃቸዋለሁ።

መልስ፦ ሃይደራባድ የከረመው

እህቴ፣ ሊትሩን ለጊዜው ተይው። መጀመሪያ የማትሸከሚውን እንለይ። አሊፒሪ ደረጃው ሥር ሻንጣ በነፃ ይቀበሉሻል። ደረሰኝ ይሰጡሻል፣ ሻንጣው በመኪና ይወጣል፣ ላይ ስትደርሺ ትረከቢያለሽ። ስለዚህ ቅያሪ ልብስ፣ ፎጣ፣ የአራታችሁም ጫማ (በባዶ እግር ነው የሚወጣው) እዚያ ይግባ። በጀርባሽ የሚቀረው ውሃ፣ ትንሽ ስንቅ፣ መድኃኒት፣ ነጠላ ወይም ሻል፣ ገንዘብና ስልክ ነው። ለዚህ ከ12 እስከ 15 ሊትር ከበቂ በላይ ነው።

እኔ ከክፍሌ ልጆች ጋር ሁለት ጊዜ ወጥቻለሁ። መጀመሪያ 30 ሊትር ይዤ ሄድኩ። ቦታ ስላለው ሁሉም «ይቺን ያዝልኝ» ይለኛል። ጋሊ ጎፑራም የሚባለው ትልቅ በር ድረስ ያለው ዳገት ነው የሚገድለው፤ እዚያ ስደርስ የሌላ ሰው ጃንጥላ ሁሉ ተሸክሜ ነበር። በሁለተኛው ዴካትሎን ከሚባለው የስፖርት ዕቃ ሱቅ የተገዛ ባለ 10 ሊትር ኬችዋ ቦርሳ ያዝኩ። ማንም ምንም አልሰጠኝም፤ አይገባማ!

አሁን ዋናው። አማን ስለታቸው መውጣት ብቻ ነው ወይስ ደረጃውን መቀባትም አለበት ብለሽ ጠይቂያቸው። ብዙ ሴቶች እያንዳንዱን ደረጃ ጎንበስ ብለው እርድና ኩምኩም፣ ማለትም ቀዩን ዱቄት፣ እየነኩ ነው የሚወጡት። እርድ፣ ቀይ፣ ቀና። እርድ፣ ቀይ፣ ቀና። 3,550 ጊዜ። እንደዚያ ከሆነ ዱቄቱን የምታቀብዪው አንቺ ነሽ። በየደረጃው ቦርሳ አውርዶ ዚፕ መክፈት አይታሰብም። ቦርሳውን በደረትሽ በኩል አዙረሽ ያዢ፤ የፊት ኪሱ ሁለት ትንንሽ ቆርቆሮ የሚይዝ ይሁን። ነጭ ቦርሳ ደግሞ እንዳትገዢ። እርድ አይለቅም፤ አልጫ የሠራ ሰው ያውቃል።

መልስ፦ የደብረ ብርሃን ልጅ

እኔ 25 ሊትር ግዢ ነው የምልሽ። ትንሽ ቦርሳ ለሌላ ቀን አይሆንም። ገንዘብሽን አንዴ አውጪ።

መልስ፦ ቦርሳ ጠጋኝ፣ መርካቶ

ልጄ፣ ሕንድን አላውቅም። ቦርሳ ግን በቀን ሃያ ሠላሳ በእጄ ያልፋል። 25 ሊትር ያለሽን አትስሚው፤ ግማሽ የሞላ ትልቅ ቦርሳ ዕቃው ታች ይወርድና ወገብ ይጎትታል። ደረጃ ላይ ደግሞ ይብሳል።

ስትገዢ ሱቁ ውስጥ ይህን አድርጊ። ማንገቻው ከላይ ከቦርሳው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ገልብጠሽ እዪ። ወደ እኔ ከሚመጣው አብዛኛው የተቀደደው እዚያ ጋ ነው። አንድ መስመር ብቻ ከተሰፋ ተይው። አራት ማዕዘን ሆኖ መሐሉ በመስቀል የተሰፋ ከሆነ ይቆያል። ከዚያ ዚፑን ማዕዘኑ ላይ አሥር ጊዜ አመላልሺው። ቀጥታው ላይ ሁሉም ዚፕ ጥሩ ነው፤ ጉዱ የሚታየው መታጠፊያው ላይ ነው። ማንገቻው ሁለት ጣት ስፋት ይኑረው። ገመድ ብቻ የሆነችውን፣ ስፖርት ቤት የሚሰጧትን፣ ለዚህ አትያዢ፤ ትከሻ ትቆርጣለች።

ቆዳ ነገርም አለበት እንዴ ብለሽ እዪ። የዚፕ መጎተቻው ላይ ወይም ግንባሩ ላይ ቁራጭ ቆዳ የሚለጥፉ አሉ።

መልስ፦ ሃይደራባድ የከረመው

ጋሼ ልክ ናቸው። ብዙ መቅደስ ቆዳ ይዞ መግባትን አይወድም። ቀበቶና ዋሌትም ይጨምራል። የአንቺ ቦርሳ ባይገባም አማ ስንቃቸውን ቆዳ ካለበት ቦርሳ ማውጣት ላይወዱ ይችላሉ። ናይሎን ወይም ሸራ ይሁን።

ደግሞ ፌስታል የለም! ቲሩማላ ላይ ፕላስቲክ ተከልክሏል፤ የፕላስቲክ ውሃም ጭምር። የብረት ኮዳ ያዢ፤ መንገዱ ላይ ቧንቧ ስላለ አንድ ሊትር ይበቃል። የኮዳ ኪሱ ጠለቅ ያለ ይሁን፣ ስታጎነብሺ እንዳይወድቅ። መንገዱ አብዛኛው ጣሪያ አለው፣ ቢዘንብም ብዙ አትጨነቂ። ሙዝ ግን የጎን ኪስ ውስጥ እንዳትከቺ። ጦጣዎቹ ካንቺ በፊት ያዩታል።

መልስ፦ አስታማሚዋ

እኔ ከአባቴ ሕክምና ጋር ቼናይ ሦስት ወር ቆይቼ ነበር። ማዱራይ ሚናክሺ መቅደስ ከጎረቤቶቻችን ጋር ሄጄ እንዳንቺው ውጭ ቀረሁ። ማንም ሰው ያልነገረኝን ልንገርሽ፦ ውጭ የሚቀር ሰው ዕቃ ቤት ይሆናል። ስልክ ወደ ውስጥ ስለማይገባ አራት ስልክ፣ ሁለት ዋሌት፣ የልጅ መነጽር፣ ሁሉም እኔ ላይ ተከመረ። የቲሩማላ መቅደስም ስልክ አያስገባም። ስልክ ማስቀመጫ አለ፣ ግን አንቺ ውጭ ካለሽ ማን ይሰለፋል?

ስለዚህ ጀርባሽን የሚነካ፣ ከውስጥ በኩል ዚፕ ያለው ኪስ ፈልጊ። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ስልካቸው አንቺ ጋ ሆኖ በምን ይደውሉልሻል? እኔና ጎረቤቶቼ በተለያየ በር ቆመን አንድ ሰዓት ተፈላልገናል። አራት በር አለው፣ አንዱ ከሌላው አይለይም። ቦታ ቀድማችሁ ቁረጡ።

መልስ፦ ሃይደራባድ የከረመው

መቅደሱ ጋ ያለው ኩሬ አጠገብ እንገናኝ በሉ፤ ሁሉም ያውቀዋል። ወረፋው በሰዓታት ነው፣ ሰው በበዛበት ቀን ከአሥር ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። እነሱ ውስጥ ምግብ ይሰጣቸዋል። አንቺም የነፃ ምግብ አዳራሽ አለልሽ፤ በሙዝ ቅጠል ላይ ሩዝና ሳምባር፣ ማለትም የክክና የአትክልት ወጥ። ሌሊት ይበርዳል፣ ሻሉን አትርሺ።

ስንቅ ላይ አንድ ነገር። ሥጋ፣ እንቁላል፣ አልኮል፣ ሲጋራ ተራራው ላይ አይገባም፤ አሊፒሪ ላይ ቦርሳ ይፈተሻል። እኔ እናቴ የላከችልኝን ቋንጣ በጎን ኪስ ረስቼ ሄጄ ነበር። ባቡር ውስጥ ጓደኛዬ ሽታውን አሽትቶ «ይሄ ምንድነው?» ሲለኝ አስታወስኩ። ቲሩፓቲ ሳንደርስ እዚያው በላሁት፤ ጥርሴ ሊወልቅ ነበር። በሶና ዳቦ ቆሎ ግን ማንም አይነካሽም።

ስትመለሱም ላዱ አለ፣ ከመቅደሱ የሚሰጠው ጣፋጭ። አንዱ ትልቅ ብርቱካን ያክላል፤ አሥር ከገዛችሁ ወደ ሁለት ኪሎ ይጠጋል። ቅቤው ይወጣል። የጨርቅ ከረጢት አጥፈሽ ታች አስቀምጪ፣ ላዱው በሱ ይውረድ። ጫማ ካለበት ጋር እንዳይቀላቀል፤ ለነሱ የተባረከ ነው።

ጠያቂዋ

እናንተ ልጆች ተባረኩ። 15 ሊትር፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ናይሎን ገዛሁ። ባለሱቁ ዚፑን ሳመላልስ «መግዛት ነው ወይስ ፈተና?» አለኝ። ማንገቻው በመስቀል የተሰፋ ነው ጋሼ። ቁራጭ ቆዳ ነበረበት፣ በምላጭ አነሳሁት።

አማን ጠየቅኳቸው። ይቀባሉ! ሁሉንም ደረጃ። የፊት ኪሱን አይተው ለሁለቱ ቆርቆሮ ጠበበ አሉና ራሳቸው ከሳሪ ትርፍ ጨርቅ ኪስ እየሰፉበት ነው። ቋንጣው ቤት ይቀራል።

ቦርሳ ጠጋኝ፣ መርካቶ

ናይሎን ክር ይጠቀሙ በያቸው። የጥጥ ክር ከሆነ ጋሊ ምናምን ካላችሁት በር ሳይደርስ ይለቃል።